«ስኳርዎ ጫፍ ላይ ነው» ሲባል ምን ማለት ነው?

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ አንዲት የሰፈራችን እናት ከምርመራ ሲመለሱ በራችን ላይ ቆሙ። ጎንደር፣ አዘዞ ነው የምንኖረው። በእጃቸው አራት ላይ የታጠፈች የላቦራቶሪ ወረቀት ይዘዋል። «እስቲ እይልኝ ልጄ፤ ስኳር አለብሽ ነው የሚለው፣ የለብሽም ነው የሚለው?» አሉኝ። ወረቀቷ ላይ በባዶ ሆድ የተለካ 112 የሚል ቁጥር አለ። ሐኪሙ «ስኳርዎ ጫፍ ላይ ነው፤ ጣፋጭ ይቀንሱ፣ ይንቀሳቀሱ» ብሎ አሰናብቷቸዋል። መድኃኒት አላዘዘም። «መድኃኒት ካልሰጠኝማ ደህና ነኝ ማለት ነው» አሉና ወረቀቷን መቀነታቸው ላይ ቋጠሯት።

እንዲህ ያለ ወረቀት በየቤቱ ብዙ አለ። አንዱ «ስኳር ጀመረኝ» ብሎ ይደነግጥና እንቅልፍ ያጣል፤ ሌላው «ምንም የለብኝም» ብሎ ይረሳዋል። ሁለቱም ቁጥሩ የሚለውን አልሰሙትም። ቁጥሩ የሚለው ሌላ ነገር ነው፤ ገና ጊዜ አለ።

ቅድመ ስኳር በሽታ ነው ወይስ ጤና?

በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከጤነኛ ሰው ከፍ ብሎ፣ የስኳር በሽታ ለመባል ግን ሳይደርስ ሲቀር ቅድመ ስኳር ይባላል፤ ሐኪሙ «ጫፍ ላይ ነው» ያለው ይህንኑ ነው። የሚታወቀው በምርመራ ብቻ ነው፤ ምርመራው ደግሞ ሦስት ዓይነት ነው።

የመጀመሪያው በባዶ ሆድ የሚደረገው ነው። ቢያንስ 8 ሰዓት ምንም ሳይበላ፣ ከውሃ በስተቀር ምንም ሳይጠጣ ይለካል። በአንድ ዴሲ ሊትር (በሊትር አንድ አሥረኛ) ደም ውስጥ 126 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ የስኳር በሽታ ነው፤ ከዚያ በታች ሆኖ ከ100 እስከ 125 ያለው ቅድመ ስኳር ይባላል። ሁለተኛው 75 ግራም ግሉኮስ በውሃ በጥብጦ ጠጥቶ ከሁለት ሰዓት በኋላ የሚለካው ነው፤ ከ140 እስከ 199 ያለው ቅድመ ስኳር ነው። ሦስተኛው ሄሞግሎቢን ኤዋንሲ የሚባለው ሲሆን ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት አማካይ ያሳያል። ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ያህል ይኖራል፤ በዚህ ዕድሜው ስኳር እየተጣበቀበት ይሄዳል፤ ምርመራው የተጣበቀውን ይቆጥራል። ከ5.7 እስከ 6.4 በመቶ ቅድመ ስኳር፣ ከ6.5 ጀምሮ የስኳር በሽታ ነው። የደም ማነስ ያለበት ሰው ግን ይህ ቁጥር ሊያሳስተው ስለሚችል ለሐኪሙ ቢነግር ጥሩ ነው።

ብዙ ሰው የሚጣላበት ነገር እዚህ ላይ አለ። አንዱ ክሊኒክ 105 ያገኘውን ሰው «ጤነኛ ነህ» ይለዋል፤ ሌላው «ቅድመ ስኳር አለብህ» ይለዋል። ሁለቱም አልዋሹም። የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር መስመሩን ከ100 ይጀምራል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ከ110። ልዩነቱ የመጣው ስኳር ቀስ እያለ የሚወጣ ዳገት ስለሆነ ነው፤ ዳገት ላይ «ከዚህ ድንጋይ በታች ሜዳ ነው» ብሎ መስመር የሚያሰምረው ሰው ነው። ስለዚህ 105 ያለው ሰው ከቃሉ ይልቅ አቅጣጫውን ይይ፤ አምና ስንት ነበር? ዘንድሮ ስንት ሆነ?

አንድ ቁጥር ብቻውንም አይበቃም። ጣት ተወግቶ በትንሿ መሣሪያ የተለካ ከሆነ፣ ወይም ሰውየው «ቡና አይቆጠርም» ብሎ ጠዋት በስኳር ጠጥቶ ከሄደ፣ በላቦራቶሪ መደገም አለበት። ቡናው ይቆጠራል።

ስኳሩ ደም ውስጥ ለምን ይከማቻል?

የመኸር ጊዜ የገበሬ ግቢን እናስብ። የምንበላው እንጀራ፣ ዳቦ፣ ድንች፣ ስኳር ሁሉ ሆድ ውስጥ ተፈጭቶ ግሉኮስ ወደሚባል ስኳር ይለወጥና ወደ ደም ይገባል። ግሉኮሱ በአህያ ተጭኖ የመጣ እህል ነው፤ ደም መንገዱ ነው። እህል መንገድ ላይ አያድርም፤ ጎተራ መግባት አለበት። ጎተራዎቹ በዋናነት ጡንቻና ጉበት ናቸው። ከመንገድ አንስቶ ወደ ጎተራ የሚያስገባው ተሸካሚ ኢንሱሊን ይባላል፤ እርሱን የሚልከው ደግሞ ከጨጓራ ጀርባ ያለው ቆሽት ነው።

ጎተራው ሞልቶ እያለ እህሉ መምጣቱን ባያቆምስ? ተሸካሚው በሩን ይገፋል፣ በሩ አልከፈት ይላል። በተለይ በሆድ አካባቢና በጉበት ላይ የተጠራቀመ ስብ በሩን ያደርቀዋል። ቆሽት ይህን ሲያይ ሁለት ተሸካሚ በነበረበት አራት፣ ከዚያም ስድስት ይልካል። በዚህ ጊዜ ስኳር ቢለካ ልክ ነው፤ ቆሽት ግን ከአቅሙ በላይ እየሠራ ነው። ይህ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ቆሽት እየደከመ የሚልከው ተሸካሚ ማነስ ሲጀምር እህሉ መንገድ ዳር ይከመራል። ቅድመ ስኳር የምንለው ይህን የመጀመሪያ ክምር ነው።

የእንቅስቃሴን ነገር ለመረዳትም ይኸው ግቢ ይበቃል። ሰው ሲራመድ ጡንቻው ያከማቸውን ያወጣና ያቃጥላል፤ ጎተራው ይጎድላል። ከዚህም በላይ፣ የሚሠራ ጡንቻ ተሸካሚ ሳይጠብቅ ስኳርን ከደም የሚያስገባበት ሌላ በር አለው። የዋናው በር መድረቅ ይህን በር አይዘጋውም። ሐኪም «ይንቀሳቀሱ» ሲል ይህን በር ክፈቱ ማለቱ ነው። ይህ ሳይገለጽለት የሚወጣ ሰው ግን «ስፖርት ሥራ ብሎኛል» ብሎ ይተወዋል።

ምንም ሳልበላ አድሬ ጠዋት ለምን ከፍ አለ?

ጉበት ሌሊቱን ቀላቢ ስለሆነ ነው። እኛ ተኝተን አንጎላችን ስኳር ይፈልጋል፤ ጉበት ካስቀመጠው እየቆነጠረ ያወጣል። ጤነኛ ሰው ላይ ኢንሱሊን «በቃ» ሲለው ያቆማል። በቅድመ ስኳር ጊዜ ጉበት ይህን ትእዛዝ በደንብ ስለማይሰማ ሳያስፈልግ ጭምር ያወጣል። እራት ሳይበሉ ማደር ብቻ የጠዋቱን ቁጥር የማያወርደው ለዚህ ነው።

ታዲያ ለምን አላመመኝም?

ድሮ አባቶቻችን ስኳርን የሚያውቁት ሽንት ላይ ጉንዳን ሲሰበሰብ ነበር። እውነት አላቸው፤ ግን ዘግይቶ የሚመጣ ምልክት ነው። ኩላሊት ስኳርን ወደ ሽንት የሚለቀው ደም ውስጥ ያለው መጠን ወደ 180 ገደማ ሲደርስ ነው። 112 ያለው ሰው ጉንዳን ቢጠብቅ አያገኝም። ውሃ ጥሙም፣ ቶሎ ቶሎ መሽናቱም፣ መክሳቱም የሚመጡት ከዚያ ወዲያ ነው። ቅድመ ስኳር አያምም። አንዳንድ ሰው ላይ አንገትና ብብት አካባቢ ቆዳው ጠቆር፣ ወፈር ይላል፤ ከዚህ ውጪ የሚታይ ነገር እምብዛም የለም።

ስለዚህ ሕመም ሳይጠብቁ መመርመር የሚገባቸው ሰዎች አሉ። እናት፣ አባት፣ ወንድም ወይም እህት ስኳር ያለበት፤ በእርግዝና ጊዜ ስኳሯ ከፍ ብሎ የነበረ ሴት፤ ደም ግፊት ያለበት፤ ቦርጩ የጨመረ፤ አብዛኛውን ቀን ተቀምጦ የሚሠራ። ከዚህ ሁሉ አንዱም ባይኖር እንኳ የአሜሪካ መመሪያ ከ35 ዓመት ጀምሮ ተመርመሩ ይላል።

ቀጭን ነኝ፤ እኔንም ይመለከተኛል?

ይመለከታል። ስኳር የሀብታምና የወፍራም ሰው በሽታ ነው የሚለው አባባል እኛ አገር ብዙ ሰው አዘናግቷል። በጎንደር ዙሪያ ገጠሮች የስኳር ታካሚዎችን የተከታተሉ ሐኪሞች በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ካገኟቸው ታካሚዎች ብዙዎቹ ቀጭኖች፣ ድሆችና ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ነበሩ። ያ ዓይነቱ ስኳር አመጣጡ እዚህ ከምናወራው ይለያል። ነገር ግን «አልወፈርኩም፣ አይነካኝም» ለሚለው በቂ መልስ ነው። ክብደቱ ልክ ሆኖ ሆዱ ብቻ የገፋ ሰውም ጉበቱ ላይ ስብ ሊኖረው ይችላል።

ምክር ብቻውን በእርግጥ ይሠራል?

ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው በሆዱ ይዞት ይሄዳል። ያለ ክኒን፣ ያለ መርፌ፣ «ሂድ ተራመድ» ተብሎ የሚድን ነገር አለ? ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ መልሱን በዝርዝር ማየት ይበጃል።

ቻይና ውስጥ ዳ ቺንግ በተባለች ከተማ በ1986 እ.ኤ.አ. ቅድመ ስኳር ያለባቸው 577 ሰዎች በምድብ ተከፈሉ። አንዳንዱ ምድብ አመጋገቡን፣ አንዳንዱ እንቅስቃሴውን፣ አንዳንዱም ሁለቱን እንዲያስተካክል ለ6 ዓመት እርዳታ አገኘ፤ ቀሪው እንደተለመደው ቆየ። ተመራማሪዎቹ ሰዎቹን እስከ 30 ዓመት ድረስ ተከታተሏቸው። እርዳታ ያገኙት ሰዎች ላይ የስኳር በሽታው የመጣው በአማካይ 4 ዓመት ያህል ዘግይቶ ነበር፤ የልብና የደም ሥር ሕመምና ሞትም ቀንሶ ተገኘ። እርዳታው ከቆመ ከሃያ ዓመት በላይ አልፎ እንኳ ልዩነቱ ነበረ።

ፊንላንድ ውስጥ 522 ሰዎች ላይ የተደረገውና በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት አኗኗርን በመለወጥ ወደ ስኳር በሽታ የመግባት አደጋው በ58 በመቶ መቀነሱን አሳየ። በሚቀጥለው ዓመት አሜሪካኖች 3234 ሰዎችን ተከታትለው ያወጡት ውጤትም እዚያው 58 በመቶ ላይ ወደቀ። የአሜሪካውን በሰው ብዛት እንየው፤ ምንም የተለየ ነገር ካልተደረገላቸው 100 ሰዎች በዓመት 11ዱ ወደ ስኳር በሽታ ይገባሉ። ሜትፎርሚን የሚባለውን ክኒን ከወሰዱት 100 ሰዎች ወደ 8 ገደማ። አኗኗራቸውን ከለወጡት 100 ሰዎች ደግሞ ወደ 5 ገደማ። አኗኗር ክኒኑን በለጠ። ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑት ላይማ ጥቅሙ ከዚህም ከፍ ያለ ነበር፤ 71 በመቶ። «እኔማ አርጅቻለሁ፣ ለልጆቹ ንገር» የሚሉ አባትና እናት ይህን ቁጥር ቢሰሙት ደስ ይለኛል።

ሰዎቹ ምን አደረጉ? ከክብደታቸው 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ ጣሩ። 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 7 በመቶ ማለት 5 ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። 150 ደቂቃ ማለት በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ሰዓት ፈጠን ያለ እርምጃ ነው። ሰው የሚፈራው «እንደ ሯጭ ልሁን? እንጀራ ልተው?» እያለ ነው፤ የተጠየቀው ግን ይህን ያህል ነው።

ሕንድ ውስጥ በ531 ሰዎች ላይ የተደረገው ጥናት ደግሞ ለእኛ ይበልጥ የሚቀርብ ይመስለኛል። ሰዎቹ እንደ አሜሪካኖቹ ወፍራሞች አልነበሩም፤ ክብደታቸውም ያን ያህል አልቀነሰም። አደጋው ግን በ28.5 በመቶ ወረደ። ሚዛኑ ባይንቀሳቀስም እርምጃውና አመጋገቡ ውስጥ ውስጡን ይሠራል ማለት ነው።

እንግዲህ የአሜሪካው ጥናት ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ሰዎቹ «ጣፋጭ ቀንስ» ተብለው አልተሸኙም። በመጀመሪያዎቹ 24 ሳምንታት ውስጥ ብቻ 16 ጊዜ ከአንድ አሠልጣኝ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ከዚያም በየወሩ። የበሉትን ጽፈዋል፣ ተመዝነዋል፣ ሲያቅታቸው «ምን አቃተህ?» የሚላቸው ሰው ነበር። ያ 58 በመቶ የዚህ ሁሉ ክትትል ውጤት ነው። በወረፋ በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ በሁለት ደቂቃ የተነገረ ምክር ያንኑ ውጤት ያመጣል ብሎ መጠበቅ ሐኪሙንም ታካሚውንም መበደል ነው።

ምክሩ ቤት ሲደርስ ምን ይሆናል?

ጎረቤታችን ከዚያ ጥቅምት በኋላ ሻይ ያለ ስኳር መጠጣት ጀመሩ። ሦስት ሳምንት ያህል ቆዩበት። ከዚያ የአንድ ዘመድ ተዝካር መጣ፣ ሰንበቴ መጣ፣ ገና መጣ። በጥምቀት ማግስት ቤታቸው ተጋብዤ ከጎናቸው ተቀምጬ ነበር። ትሪው ላይ ሦስት እንጀራ ተዘርግቷል፤ ስድስት ሰው ከቧል። እርሳቸው ገና እጃቸውን ሰብሰብ ሲያደርጉ እህታቸው ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው «አፈር ስሆን!» አሉ። አፈር ስሆን ተብሎ እምቢ አይባልም። ሁለተኛውም ተከተለ፤ አንድ ያጣላል፣ ሁለት ያፋቅራል ተብሎ። ቡናው ሲመጣ ልጃቸው እንደ ልማዱ በሲኒዋ ስር ሁለት ማንኪያ ስኳር አድርጋ ቀዳችላቸው። አልጠየቀችም፤ እርሳቸውም አልተናገሩም።

ያን ቀን ችግሩ የእርሳቸው ፈቃድ ማነስ እንዳልሆነ ገባኝ። የሐኪሙ ምክር የተነገረው ለአንድ ሰው ነው፤ ምግቡ ግን የአንድ ሰው አይደለም። ሊጡን የምታቦካው ልጃቸው ናት፣ ወጡን የምትሠራው ልጃቸው ናት፣ ጤፉን የሚገዛው ባላቸው ናቸው፣ የሚያጎርሷቸው እህታቸው ናቸው። ከመሶብ ለሚበላ ሰው የተሰጠ ምክር መሶቡን ካልነካ አየር ላይ ይቀራል። ስለዚህ ወደ ቀጠሮ ሲሄዱ ወጥ የሚሠራውን ሰው ይዞ መሄድ ከየትኛውም ነገር በላይ ይጠቅማል። ለቤተ ዘመድም በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፤ «ሐኪም ከልክሎኛል» የሚለው ቃል በእኛ ባህል የሚከበር ቃል ነው፤ የሚያጎርሰውም አይቀየምም።

ቡናውን እንቁጠረው እስቲ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ በእያንዳንዱ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር። አንድ ማንኪያ 4 ግራም ገደማ ነው፤ በአንድ ቡና 24 ግራም። ጠዋትና ከሰዓት ከተፈላ 48 ግራም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ50 ግራም በታች፣ ቢቻል ከ25 በታች ይሁን ይላል። ሌላ ምንም ጣፋጭ ሳይነካ በቡና ብቻ መስመሩ ላይ ደርሷል። አንድ ትንሽ ጠርሙስ ለስላሳ ደግሞ ለብቻው ወደ 8 የሻይ ማንኪያ ስኳር አለው፤ እንግዳ ሲመጣ አምቦ ውሃ ቢቀርብ ክብሩ አይጓደልም። ቡናን በአንዴ ያለ ስኳር መጠጣት የሚከብደው ሰው በየሳምንቱ ሩብ ማንኪያ ይቀንስ፤ ጤና አዳም ጣል ቢደረግበት ምላስ ቶሎ ይለምደዋል።

እንጀራ መተው አለብኝ?

የለበትም። ትክክለኛው ጥያቄ ስንት እንጀራ፣ ከምን እህል፣ ከምን ጋር የሚለው ነው።

እንጀራ ስኳር የለውም የሚል ሰው አለ፤ ምላስ ላይ ስለማይጣፍጥ ነው። ሆድ ውስጥ ግን ወደ ግሉኮስ ይለወጣል። ቀይ ጤፍ ስለሆነ እንደልብ ይበላል የሚለውም ልክ አይደለም፤ ቀይም ነጭም ጤፍ አብዛኛው ክፍሉ ስታርች የሚባለው፣ ወደ ግሉኮስ የሚለወጠው ነገር ነው። ጤፍ ከነገለባው ስለሚፈጭ ከነጭ ዱቄት ዳቦ ይሻላል፤ ሦስት እንጀራ ግን ሦስት እንጀራ ነው። ጤፍ ሲወደድ ደግሞ ከፎገራ የሚመጣው ሩዝ ሊጥ ውስጥ ይገባል፤ እንጀራውን ነጭና ለስላሳ ያደርገዋል። የተፈተገ ነጭ ሩዝ ስኳርን ቶሎ ከፍ ያደርጋል፤ መደባለቅ ግድ ከሆነ ማሽላ ወይም ዘንጋዳ ከነገለባው ቢገባ ይመረጣል።

ጥራጥሬ የእኛ ትልቅ ሀብት ነው። ምስር፣ አተር፣ ባቄላ፣ የደንቢያ ሽምብራ በውስጣቸው ፕሮቲንና ቃጫ ስላለ ስኳሩ ወደ ደም የሚገባው ቀስ ብሎ ነው። ወጡን ወፈር፣ እንጀራውን ሳሳ ማድረግ ማለት ይህ ነው። ጎረቤታችን ቤት የተደረገው ቀላል ነበር፤ ለእርሳቸው ወገን አንድ እንጀራ ብቻ ተለክቶ ይቀመጣል፣ ጎመኑና የቲማቲም ስልሱ ወደ እርሳቸው ይጠጋል፤ ከጎመኑና ከምስሩ ይጀምራሉ። አትክልትና ጥራጥሬን አስቀድሞ እንጀራውን ማስከተል ከምግብ በኋላ ያለውን የስኳር ከፍ ማለት ይቀንሳል። ለብቻ ሳህን አላስፈለገም፤ እርሳቸውም «ተገለልኩ» አላሉም።

ፍራፍሬ ሙሉውን ሲበላ ጥሩ ነው። ጁስ ቤት ሲገባ ግን ሦስት ማንጎ በአንድ ብርጭቆ፣ በላዩ ስኳር ይሆናል።

ጾሙስ?

ጾም በራሱ ጠላት አይደለም። የስኳር መድኃኒት ያልጀመረ ቅድመ ስኳር ያለበት ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቢጾም በአብዛኛው አይጎዳውም፤ ሥጋና ቅቤ መቅረቱም ይረዳዋል። የሚጎዳው ፆም የሚፈታበት መንገድ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በባዶ ሆድ ዳቦና በስኳር የጣፈጠ ሻይ፣ ቀጥሎ ፓስታ ወይም ሩዝ፣ ቀጥሎ እንጀራ በድንች ወጥ፤ ይህ ሁሉ እህል በአንድ ሰዓት ውስጥ መንገዱ ላይ ይራገፋል። በሽሮ፣ በምስር፣ በጎመንና በተመጠነ እንጀራ ቢፈታ ሌላ ነገር ነው። 55 ቀን ተጠንቅቆ የቆየ ሰው ደግሞ በፋሲካ ሳምንት ሁሉንም እንዳያፈርሰው። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ክኒን የሚወስድ ሰው ግን ከመጾሙ በፊት ከሐኪሙ ጋር መነጋገር ግዴታው ነው፤ ከንስሐ አባቱም ጋር ይምከር፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ሥርዓት አላት።

የት ልራመድ? ጊዜስ?

ጎንደር ዳገት ናት፤ ለዚህ ጉዳይ ዳገት በረከት ነው። ከፒያሳ ወደ ጎሃ የሚወስደውን አቀበት የወጣ ሰው ሃያ ደቂቃ ሜዳ ላይ ከሚያገኘው የበለጠ ጡንቻውን ያሠራል። ባጃጅ ከመጣ ወዲህ ግን ከአራዳ ገበያ እስከ ፒያሳ እንኳ በእግር የሚሄድ ቀንሷል። ከቤት አንድ ፌርማታ ቀድሞ መውረድ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን በእግር መሄድ፣ ውሃ መቅዳት፣ ግቢ መቆፈር ሁሉም ይቆጠራል። ልብ ቶሎ ቶሎ መምታት አለበት፣ መነጋገር ግን መቻል አለበት፤ መለኪያው ይኸው ነው።

ማለዳና ማታ መንገድ መውጣት የሚያሰጋበት ጊዜ አለ። ያኔ በግቢ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ማለትም ይሠራል። በተለይ ከምግብ በኋላ አሥር ደቂቃ መራመድ ብዙ ዋጋ አለው፤ እህሉ መንገድ ላይ የሚራገፈው ያን ጊዜ ስለሆነ ሁለተኛው በር ያኔ ቢከፈት ይጠቅማል። ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውስጥ ወይም ወፍጮ ቤት የሚቀመጥ ሰው በየግማሽ ሰዓቱ ይነሳ።

አብሽ፣ ሽፈራው፣ ማር?

አብሽ ስኳርን በመጠኑ እንደሚቀንስ ያመለከቱ ትንንሽ ጥናቶች አሉ። ሽፈራው ወይም ሞሪንጋም እንዲሁ ይነገርለታል። ነገር ግን እንደ እርምጃውና አመጋገቡ በብዙ ሰው ላይ ለዓመታት ታይቶ በሽታውን መከላከሉ አልተረጋገጠም። የሚጠጣ ሰው ይጠጣ፣ ለሐኪሙ ይንገር፣ እርምጃውን ግን አይተካበት። ማር የተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም የሚባለው ስህተት ነው፤ ማር ስኳር ነው፤ ብርዝና ጠጅም ከዚያው ናቸው።

መድኃኒት ለምን አልታዘዘልኝም?

ለአብዛኛው ሰው የመጀመሪያው ሕክምና አኗኗር ስለሆነ ነው። ሜትፎርሚን የሚታሰበው አደጋቸው ከፍ ላለ ሰዎች ነው፤ በጣም ለወፈሩ፣ ዕድሜያቸው ከ60 በታች ለሆኑ፣ በእርግዝና ጊዜ ስኳር ለነበረባቸው፣ ወይም ቁጥራቸው ወደ ላይኛው ጫፍ ለተጠጋ። ውሳኔው የሐኪም ነው። ከጎረቤት ተውሶ መዋጥ አይገባም፤ በተለይ ኩላሊቱ የታመመ ሰው ሊጎዳ ይችላል። ደም ግፊትና ሲጋራም አብረው መታየት አለባቸው፤ ልብና ኩላሊት የሚጎዱት በስኳር ብቻ አይደለም።

መቼ ልመለስ?

ቢያንስ በዓመት አንዴ። የአመጋገብና የእንቅስቃሴ ለውጥ የጀመረ ሰው ከሦስት ወር በኋላ ኤዋንሲ ቢያሠራ ውጤቱን ያያል፤ ከዚያ ቀድሞ ማሠራት ግን የድሮውን ደም መቁጠር ነው። በመሃል ጤና ጣቢያ ሄዶ መመዘን፣ ወይም ለሰፈሩ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ መንገር ይቻላል። ይህ ለጎንደር አዲስ ነገር አይደለም። በ1954 እ.ኤ.አ. እዚህ የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን) በቡድን አሠልጥኖ ወደ ሕዝቡ መንደር ይልክ ነበር። ያኔ ጉዳዩ ወባና ሌላው ተላላፊ በሽታ ነበር፤ አሁን ጉዳዩ መሶቡ ነው። ሰውን ቤቱ ድረስ ሄዶ መከታተል ግን ያኔም አሁንም ያው ነው።

ጎረቤታችን ከጥምቀት በኋላ ልጃቸውን ይዘው ተመልሰው ሄዱ። ሐኪሙ አሥር ደቂቃ ያህል ያነጋገረው ልጅቷን ነበር። ግንቦት ላይ ሲመዘኑ ከ78 ኪሎ ወደ 75 ወርደዋል፤ በባዶ ሆድ የተለካው ስኳር 103 ሆኗል። በአሜሪካኖቹ መስመር አሁንም ጫፍ ላይ ናቸው፤ ከዓለም ጤና ድርጅት መስመር ግን በታች ወርደዋል። «ታዲያ የቱን ልመን?» አሉኝ። 112 ወደ 103 ወርዷል አልኳቸው። ልጅቷ ሁለቱንም ቁጥር ምጣዱ አጠገብ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ በእስክርቢቶ ጽፋቸዋለች፤ ኅዳር ላይ ደግሞ ባዶ ክብ አድርጋ ለሦስተኛው ቦታ ትታለታለች።